ተሰብስበው ስለሚዘፍኑ ልጆችና ስለ ሰብሳቢያቸው

«ቱጌዘር» የተባለው የአሜሪካ የቧልት ፊልም በ1992 ዓ.ም. በወርኃ የካቲት ኤም ቲቪ በሚባለው የዘፈን ቴሌቪዥን የታየ ነው። የስሙ ትርጓሜ «በአንድነት» ማለት ሲሆን ሠሪዎቹ በፊደል ብቻ መጻፉን አልወደዱምና የ2 ቁጥርና የመደመር ምልክት አግብተውበታል። ይህች ትንሽ ነገር የፊልሙን መንፈስ ሁሉ ታስረዳለች፤ በዚያ ዘመን ለወጣቶች የሚሸጥ ዘፈን ስሙን እንዲህ ባለ ጌጥ ሳያጣምም ወደ ገበያ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነበርና። ፊልሙን ያዘጋጀው ናይጀል ዲክ ለታወቁት ዘፋኞች አጫጭር የዘፈን ፊልሞች በመሥራት የኖረ ሰው ነው፤ ስለዚህ የሚያሾፍበትን ገበያ ከነጓዳው ያውቀዋል።

የቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ከዘፈንና ከቧልት ምን አለው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። በአቃቂም ሆነ በቃሊቲ ያለ ወጣት ዛሬ ሲኒማ ቤት መሄድ አያስፈልገውም፤ ከፋብሪካ ወይም ከትምህርት ቤት ሲመለስ በታክሲ ውስጥ ተቀምጦ በእጅ ስልኩ የዛሬ ሃያ ዓመቱንም የትናንቱንም ሳይለይ ያያል። ካህኑ ቢመክረው፣ አባቱም ቢቈጣው፣ እርሱ ያየውን ነገር ካላየ ሰው ምክር ለመቀበል እጅግ ይቸገራል። ከዚህም ጋራ ፊልሙ የሚያወራው ልጆችን ሰብስቦ ስለ ማዘፈን ነው፤ ልጆችን ሰብስቦ ዜማ ማስተማር ደግሞ ከዓለማውያን አስቀድሞ የኛ ሥራ ነበረ።

የታሪኩ መነሻ እንዲህ ነው። ቦብ በስ የሚባል አንድ የዘፋኞች ማናጀር እርሱ ራሱ ለክብር ካበቃው ባንድ ይባረራል። ቂሙን ለመወጣት ሲል ሌላ ባንድ ለማቋቋም ይነሣል። ድምፀ መልካም ልጅ ፍለጋ ግን አይደክምም፤ የሚፈልገው አምስት ዓይነት ፊት ነው። አንደኛው ልጃገረዶች የሚሳሱለት መልከ መልካም፣ ሁለተኛው አመፀኛ፣ ሦስተኛው ዓይነ አፋር፣ አራተኛው እንደ ታላቅ ወንድም የሚታይ፣ አምስተኛው ገና ከሕፃንነት ያልወጣ የሚያባባ ልጅ። ቦብ ይህንን ሲያስረዳ ይህን ያህል ሽንኩርት፣ ይህን ያህል በርበሬ እያለች ወጥ እንደምታስተምር ባለሙያ ይናገራል። በዚህም ስፍር ጄሪ፣ ሚኪ፣ ቻድ፣ ዳግና ኪው ቲ የሚባሉ አምስት ሰዎች ይሰበሰባሉ። ፊልሙ የተሠራው እውነተኛ የዜና ካሜራ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ እንደሚያነሣቸው ተመስሎ ስለሆነ ቦብ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ የንግዱን ምሥጢር ያለ አንዳች ኀፍረት ያጫውተናል። ይህ አለማፈሩ ከቀልዱ ሁሉ ይልቅ ያስቃል።

ዘፈኖቹ እጅግ ብልህ በሆነ እጅ የተሠሩ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ፍቅርን በከፍተኛ ሒሳብ ያመሳስላል፤ ዘፋኙ «ካልኩለስ» እያለ የሚመካበት ሒሳብ ግን አንድና አንድን ከመደመር አያልፍም። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህንን ሲሰማ የሚያስታውሰው ነገር አለ። ቃሉ ከብዶ፣ አነጋገሩ ተኮፍሶ፣ ሰሙ ሲቀልጥ ከውስጡ ወርቅ የማይገኝበት ቅኔ አለ፤ መምህሩም ሰምቶ ዝም ይላል፤ ያም ዝምታ ከስድብ ይብሳል። የፊልሙ ሠሪዎች እንዲህ ያለውን ባዶ ቅኔ ዐውቀው አበጃጅተውታል። አላዋቂ በአላዋቂነቱ መሳሳቱ ቀላል ነው፤ ዐዋቂ እንደ አላዋቂ ለመሳሳት ግን ብዙ ልፋት ይፈልጋል፤ ዜማውም መልካም ስለሆነ የሳቀበት ሰው ማታ ሲያንጐራጕረው ራሱን ያገኘዋል።

ጉድለቱ ሌላ ነው። የሳቁ በትር ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በልጆቹ ራስ ላይ ነው። የጄሪ ሞኝነት፣ የሚኪ ጉራ፣ የቻድ መንተባተብ ያስቀናል፤ ቦብ ግን ተንኰለኛ ቢሆንም የሚወደድ አጭበርባሪ ሆኖ ቀርቧል። ፊልሙን ያሠራው ቤት እንዲህ ያሉትን ባንዶች ቀን ከሌት እያሳየ የሚተዳደር ነበረና የንግዱን ጌታ አጥብቆ ይነክሰዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም ይሆናል። በራሱ ሸቀጥ የሚቀልድ ነጋዴ ቀልዱንም ይሸጠዋል።

እንዲሁም ሆነ። የቧልቱ ባንድ ሲዲ አሳተመ፤ በዚያው በአውሮፓውያን 2000 ዓመት ውስጥ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ተሠራለት፤ ብሪትኒ ስፒርስ በምትባለው ዝነኛ ዘፋኝ መድረክ ላይም ከእርሷ አስቀድሞ እየወጣ ዘፈነ። ለማሾፍ የተፈጠረውን ባንድ ልጃገረዶች እንደ እውነተኛው ተቀብለው ጮኹለት። ስለ ገበያው ፊልሙ ሊናገር ከፈለገው ነገር ሁሉ ይህ ጩኸት በይበልጥ ተናገረ።

አሁን ስለ አምስተኛው ልጅ ልናገር። በፊልሙ ውስጥ ኪው ቲ ሞት የሚያሠጋው ሕመምተኛ ነው፤ ሕመሙም ከቀልዶቹ አንዱ ነው፤ የሚያባባ ልጅ ቢታመም ይበልጥ ያባባልና ለገበያ ይጠቅማል። ይህንን ሰው ሆኖ የተጫወተው ማይክል ኩቾኒ የሚባል የካናዳ ልጅ ነበረ። ይህ ልጅ ከፊልሙ በፊት፣ ገና በ9 ዓመቱ፣ ሆጅኪን በሚባለው የካንሰር ዓይነት ታሞ ከብዙ ሥቃይ በኋላ ድኗል። ከዳነም በኋላ ስለ ሕመሙ መጽሐፍ ጽፏል፤ ለታመሙ ሕፃናት ምርምር ገንዘብ የሚሰበስብ ድርጅትም በስሙ ተቋቁሟል። ፊልሙ ከታየ አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ ጥር 5 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ በመተንፈሻ አካል ሕመም በ16 ዓመቱ ዐረፈ። ባንዱም ከዚያ ወዲህ አልቀጠለም።

ይህንን ያወቀ ተመልካች የኪው ቲን ቀልድ እንደ ቀድሞው አድርጎ ሊስቅበት አይችልም። እኔ ግን ቀልዱ ባልተሠራ ኖሮ አልልም። ሞትን በሕፃንነቱ ፊት ለፊት አይቶ የተመለሰ ልጅ በሕመሙ ላይ ሲስቅበት በዚያ ሳቅ ውስጥ ድፍረት አለ፤ ታማሚን መጠየቅ የለመደ ካህን እንዲህ ያለውን ድፍረት ያውቀዋል። ድፍረቱ የልጁ ነው። ሽያጩ ግን የሌላ ነበረ። ፊልሙ ይህንን ልዩነት ለማየት ጊዜ አላገኘም።

የቦብ በስ ምሳሌ ከሆኑት እውነተኛ ሰዎች መካከል ስሙ ገንኖ የወጣው ሉ ፐርልማን ነው። በፍሎሪዳ አገር በጋዜጣ ማስታወቂያ እየጠራ ወጣቶችን መረጠ፤ ባክስትሪት ቦይስና ኤንሲንክ የተባሉት፣ በመላው ዓለም የታወቁት ባንዶች ከእርሱ እጅ የወጡ ናቸው። አምስቱ ልጆች ከሚያገኙት ገንዘብ እርሱ በማናጀርነቱ ከሚወስደው በቀር እንደ ስድስተኛ አባል ተቈጥሮ ድርሻ ይወስድ ነበር። አንዲት ጥቅስ ዘፈን ሳይዘፍን፣ አንዲት እርምጃ ሳይጨፍር ስድስተኛ ዘፋኝ! ልጆቹ ሁኔታው ሲገባቸው በየተራ ፍርድ ቤት ከሰሱት። በኋላም ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰው ገንዘብ በማጭበርበር ተከስሶ በ2000 ዓ.ም. በግንቦት 25 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በእስር ቤት ሳለም በ2008 ዓ.ም. በነሐሴ ሞተ። ከዚህ ሰው ጎን ቢቆም የፊልሙ ቦብ በስ ጻድቅ ይመስላል። ቧልት ከእውነቱ አንሶ ሲገኝ ሠሪው ወይ አላወቀም ወይ አልደፈረም።

ዘማሪና አዘማሪ የሚገናኙበትን ነገር ለመመዘን እኛ ከሩቅ ሚዛን መዋስ አያስፈልገንም። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ካህናት ሁሉ ያውቁታል፤ የማያውቅ ባላገር ቢኖር ግን ባጭሩ ልንገር። በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ማሕሌት ሲቆም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ፤ የሚሰማውም የሚያዜመውም አላወቁም። ማሕሌቱ ከተፈጸመ በኋላ ንጉሡ ያደረገውን አይቶ ደነገጠ፤ ጦሩንም ነቀለ፤ ስለ ፈሰሰው ደም የወደደውን እንዲጠይቅ ለያሬድ ፈቀደለት። ያሬድም ወርቅ ወይም ሹመት አልጠየቀም፤ ንጉሡን ትቶ ወደ ገዳም ይሄድ ዘንድ እንዲያሰናብተው ለመነ። ንጉሡ እጅግ አዘነ፤ ቃሉን ግን አላጠፈም፤ ያሬድም ወደ ሰሜን ተራራ ሄደ።

ይህንን ታሪክ የዜማን ጣዕም ለማስረዳት ብዙ ጊዜ እንጠቅሰዋለን። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ስለ ንጉሡ ነው። በሌላው ድምፅ ተደስቶ የሌላውን እግር ማቍሰል ለሰሚ ሁሉ ቅርብ የሆነ ነገር ነው። ደሙን አይቶ ጦሩን የሚነቅል፣ ነቅሎም ዘማሪውን ለማሰናበት የሚስማማ ግን ማን ነው?

በዚህ ሚዛን በኛ አገር የሆነውን እንመርምር። ሉ ፐርልማን ከመወለዱ ከብዙ ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ተሰብስበው የመጡ ልጆች ባንድ ነበረ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም አልፈው ነበርና በአርመን ገዳም የሚያድጉ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። እነዚህ ልጆች በአርመን ሕዝብ ላይ በደረሰው እልቂት አባትና እናታቸውን ያጡ ነበሩ። አልጋ ወራሹ ከአርመን ፓትርያርክ አስፈቅደው 40 ልጆች ወደ ኢትዮጵያ አስመጡ፤ እነርሱም በዚያው ዓመት ፍጻሜ በጳጉሜን አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበረ። በዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ላይ ዜማውን ሠርቶ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር አደረገው፤ ያም መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ላይ ተሰማ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም የመንግሥት መዝሙር ሆኖ ቆየ።

ቦብ በስ ይህንን ቢሰማ የራሱ ሥራ ነው ይል ነበር። ልጆቹ በሌላ ሰው ፈቃድ ተመረጡ፤ በቍጥር ተወሰኑ፤ አንድ ዓይነት ልብስ ለበሱ፤ ለሌላው ክብር ነፉ። ነገር ግን የሰበሰባቸው ቤት መጠለያና ትምህርት ሰጣቸው፤ ያመጣቸውም ሰው ባለ ዕዳቸው እንደ ሆነ ዐወቀ። መምህራቸው በዚህ አገር ኖሮ በዚህ አገር አረጀ፤ የወንድሙ ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያንም ከእርሱ በኋላ የአዲስ አበባን ሙዚቀኞች ትውልድ በትውልድ አስተማረ። ስለዚህ በሌላ እጅ የተሠራ ባንድ ሁሉ ሐሰተኛ ነው የሚሉ ሰዎች ይህንን ታሪክ ይመልከቱ። ከዚህም ሁሉ ጋራ አንድ ቍስል አልጠገገም፤ የሰብሳቢያቸውን ስም ሕፃን ሳይቀር ያውቃል፤ የመምህራቸውንም ስም የተማረ ሰው ያውቃል፤ ከአርባዎቹ ልጆች የአንዱን ስም እንኳ ጠርቶ የሚነግረን አንባቢ ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች ዘፋኙን ወታደር አደረጉት፤ ደመወዝና ማዕረግ ነበረው፤ ያለ አለቃው ፈቃድ ግን በሌላ ስፍራ ሊዘፍን አይችልም ነበር። ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ድምፅ ያደገው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። ክቡር ዘበኛ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ባነሣ ጊዜ ባንዱም አብሮ ተጠረጠረ፤ ጥላሁንም ለጊዜው ታሰረ። ዘፋኝ የሰብሳቢው ዕቃ ከሆነ የሰብሳቢው ዕዳ ይተርፈዋል። ዐምሐ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያለ መንግሥት ፈቃድ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ብዙ ሰው ያደነቀው ዜማውን ነበር፤ እኔ ግን ዘፋኙ አለቃውን ለመምረጥ የቻለበት ቀን በመሆኑ አደንቀዋለሁ።

ለፊልሙ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ግን በቅርብ የሆነው የ«የኛ» ነገር ነው። በ2005 ዓ.ም. በሚያዝያ «የኛ» የሚባል የአምስት ሴቶች ባንድ በራዲዮ ድራማና በዘፈን ተጀመረ፤ በአዲስ አበባና በአማራ ክልል ተሰማ። ሚሚ፣ እሙዬ፣ ሣራ፣ ሜላትና ለምለም የሚባሉት አምስቱ ገጸ ባሕርያት እንደ ቦብ በስ ልጆች በዓይነት በዓይነት የተከፈሉ ነበሩ፤ አንዷ በጎዳና የኖረች ደፋር፣ አንዷ የባለጸጋ ልጅ፣ አንዷ ከገጠር የመጣች፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ገንዘቡ በአብዛኛው ከእንግሊዝ መንግሥት የልማት እርዳታ የመጣ ነበር። የሚሰብኩት ነገርም ያለ ዕድሜ ጋብቻ እንዲቀር፣ ሴት ልጅ እንዳትደበደብ፣ ከትምህርት ቤት እንዳትወጣ ነው። «ጣይቱ» በተባለው ዘፈናቸው አስቴር ዐወቀ አብራቸው ዘፍናለች።

ስለዚህ ነገር ከኛ ወገን ሁለት ዓይነት ሰው ተናገረ። አንዱ የባዕድ ገንዘብ ነው ብሎ ነቀፈ፤ ሌላው ጥሩ ስብከት ነው ብሎ አመሰገነ። ሁለቱም ስለ ድምፃቸው አንዳች አልተናገሩም፤ ሴቶቹ ግን መዝፈን ይችሉ ነበር፤ ከመካከላቸው ራሔል ጌቱ በኋላ በራሷ ስም አልበም አውጥታ ይህንን አሳይታለች። እንደ ድራማ ብንመለከተው ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ከታሪኩ ቀድሞ ይደርሳል፤ ገጸ ባሕርይዋ ገና ሳታለቅስ መፍትሔው ይነገራታል፤ ይህ የስብከት ሥነ ጽሑፍ ሁሉ ሕመም ነው፤ የኛም ጭምር። ቢሆንም ዘፈኖቹ ሲሰሙ የገጠሯ ልጅ ራሷን ስታገኝ ታዳምጥ ነበር።

የእንግሊዝ አገር ጋዜጦች ግን «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ አላገጡ፤ የግብር ከፋይ ገንዘብ በዘፈን ጠፋ ብለው ጮኹ። በ2009 ዓ.ም. በታኅሣሥ መጨረሻ የእንግሊዝ መንግሥት እርዳታውን ማቋረጡን ተናገረ። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ገንዘቡ ተቈጠረ፤ ፖለቲካው ተመዘነ፤ አምስቱ ሴቶች በነገው ቀን ምን ይሆናሉ ብሎ በርእሱ ላይ የጻፈ ጋዜጣ አላየሁም። «የኛ» በሌላ እርዳታ ቀጥሎ በኋላ የቴሌቪዥን ድራማ ሆነ። ዓላማው መልካም መሆኑ ጦሩን ከእግር አይነቅለውም፤ ለመልካም ነገር የተሰበሰበም ልጅ ሰብሳቢው ሲተወው ያው የተተወ ልጅ ነው።

ይህንን ከጻፍኩ ዘንድ የራሳችንን ቤት ሳልነካ ማለፍ አድልዎ ይሆንብኛል። በየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት ነጭ ለብሰው የሚዘምሩ ልጆች አሉን። መዝሙራቸው ዱሮ በካሴት፣ ቀጥሎ በሲዲ ተሸጠ፤ ዛሬም በኢንተርኔት ይወጣል፤ የተመልካቹም ቍጥር ገንዘብ ያመጣል። ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ መናኸሪያ ባለው መንገድ በየሱቁ ሲከፈት የሚሰማው መዝሙር የስንት ልጅ ድምፅ ነው? ድምፀ መልካሟ ልጅ ከፊት ትቆማለች፤ መልኳ ለካሜራ የማይመቸው ወደ ኋላ ትደረጋለች፤ ይህንን ስናደርግ የቦብ በስን ስፍር በነጭ ልብስ ሸፍነን መያዛችንን አናስተውልም። ወንዱ ልጅ ድምፁ ሲጐረንን ከመዘምራኑ መካከል ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቀው የለም። ከሽያጩ የተገኘው ለሕንጻ ሥራ ከዋለ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለልጆቹ የትምህርት ቤት ደብተር ከዚያ ላይ ቢታሰብ ሕንጻው አይዘገይም። በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ ደቀ መዝሙሩን ቢቀጣውም፣ ለምኖ እንዲበላ ቢያሰናብተውም፣ ዜማውን ሲጨርስ ግን ሙያውን ይዞ ወደ ወደደው ደብር ይሄዳል፤ ድጓውን ያስተማረው መምህር ድምፁን በቁልፍ አይዘጋበትም።

ወደ ፊልሙ ልመለስና ስለ ዳግ አንድ ነገር ተናግሬ ላብቃ። ዳግ የዓይነ አፋሩ የቻድ ታላቅ ወንድም ነው፤ ዕድሜው ገፍቷል፤ ሰውነቱ ወፍሯል፤ ከልጆቹ ጋራ ሲጨፍር ያልቃል። ለልጃገረዶች ጩኸት የተፈጠረ ሰው አይደለም፤ የሚታወቀውም የቻድ ወንድም በመሆኑ ነው። ኬቪን ፋርሊ ይህንን ሰው የተጫወተው ሳያፍርበትና ሳያጋንነው ነው። ሌሎቹ አራቱ ካሜራውን ሲያዩ እርሱ ብዙ ጊዜ የሚያየው ታናሽ ወንድሙ እርምጃውን እንዳይስት ነው፤ ፊልሙን የሚያይ ሰው ዐይኑን ከመልከ መልካሙ ከጄሪ ነቅሎ በዳግ ላይ ቢያደርግ ሠሪዎቹ ምናልባት ያላሰቡትን መልካም ነገር በዚያ ያገኛል።